ለልብስ ሰፊው ያዋሰችው ውጅግራ

ሮማነወርቅን በሙሉ ስሟ የሚጠራ ሰው ነገሌ ቦረና ውስጥ አልነበረም። ከሰሜን የመጡት ቤተሰቦች እትዬ ሮማን ይሏታል፤ የአገሬው ሰው አዴ ሮማን ይላታል። እንጀራዋ ቅቤ ነበር። ከገጠር የሚመጡትን ሴቶች ገና ከገበያው አፍ ላይ ትቀበልና «አካም፣ ናጋ?» ብላ የልጆቻቸውን፣ የከብቶቻቸውን፣ የዝናቡን ደኅንነት ጠይቃ ሳትጨርስ ቅቤው ውስጥ ጣቷን አትነክርም። ስሟ የታወቀው ግን በቅቤ አይደለም። ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እሷ ነበረች።

የሚገርመው ነገር፣ ጠመንጃ ተኩሳ የማታውቅ ሴት ከአፏ የጠመንጃ ስም ይዘንብ ነበር። ያስተማራት አባቷ ባሻ አዳነ ነው። ባሻ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ፣ ከአንዱ ጦር ሰፈር ወደ ሌላው ሲዛወር ኖሮ፣ በመጨረሻ ዱብሉቅ ላይ ጡረታ ወጥቶ የቀረ ሰው ነበር። እግዜር ወንድ ልጅ አልሰጠውም። ስለዚህ ለወንድ ልጅ ሊነግረው የሚገባውን ሁሉ ለሴት ልጁ ነገራት። ጠመንጃውን በጨርቅ እየወለወለ፣ «ቆመህ ጠብቀኝ የሚባለው» ይላታል፣ «ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ ነው የሚገባ። ጠቅጥቀህ እስክትጨርስ ጠላትህ ጨዋ ሆኖ ካልጠበቀህ አለቀልህ። ስናድርን በጎኑ ከፍተህ ታጎርሰዋለህ። ውጅግራ ደግሞ አንድ ይጎርሳል፣ አንድ ይተፋል፤ ምስኪን ነው፣ ግን አይዋሽም። ምንሽር አምስቱን በአንዴ ጎርሶ ጉንጩን ሞልቶ ይቀመጣል።» የእሱ ውጅግራ ነበር። አንድ ጊዜ የተጫነበት በቅሎ ሲወድቅ ሰደፉ ተሰንጥቆ፣ ዱብሉቅ ያለ ቀጥቃጭ በመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ አስሮለታል።

ሮማን አድጋ ሙሾ ስትጀምር እነዚያ ስሞች ሀብት ሆኑላት። ለቅሶ ላይ የወንድ ሞገሱ መሣሪያው ነው። ለጀግናው ምንሽር ትሰጠዋለች፣ ለሽማግሌው ስናድር፣ ለቀብራራው አልቢን። ምንም ያልነበረውንም አትተወውም። ዘበኛም ይሁን ጸሐፊ፣ ከሮማን አፍ ባዶ እጁን የወጣ ሬሳ የለም። አንዳንዴ ጠመንጃውን የምትመርጠው ሰውየውን አይታ ሳይሆን ግጥሙ ቤት እንዲመታላት ነው፤ ይህንን ግን ለማንም አትናገርም። ባለቤቶቹም አይጠይቋትም። የሟች ሚስት በሕይወቷ ያላየችውን ምንሽር ስትሰማ «እውነት ነው እትዬ ሮማን!» ብላ ደረቷን ትመታለች እንጂ፣ «የቱ ምንሽር?» የምትል አልተገኘችም።

አንድ ሕግ ብቻ ነበራት። ለአንዱ ሬሳ የወረደ ሙሾ ለሌላው አይወርድም። ሙሾ ያስተማሯት አሮጊት ይህን ከሁሉ በላይ ነው የነገሯት። ሞልቶ የተረፈ ነገር አይደለም፤ ሟቹ ይዞት ይሄዳል፤ ከሄደበት ጎትቶ ማምጣት ደግሞ መቃብር ከመቆፈር አይለይም።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ልብስ ሰፊው አምሀ ሞተ።

አምሀን ነገሌ ውስጥ የማያውቀው የለም። ገበያው ዳር በረንዳ ላይ በእግር የምትነዳ መኪና ዘርግቶ ስንት ዘመን የከተማውን ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው ነው። ለበፊቶቹ ወታደሮች ሰፋ፤ እነሱ ተበትነው አዲሶቹ ሲገቡም ያንኑ ወንበር ሳይለቅ ለአዲሶቹ ሰፋ። መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ነበር። ለሰው አዲስ ልብስ ሲቆርጥ እየዋለ ለራሱ ግን ከሰልባጅ ክምር የገዛትን ኮት ነበር የሚለብሳት፤ እጅጌዋ ረዝሞበት እንኳ አላሳጠራትም። ቁጡ ሰው ፊት ሲቆም ሳይጠየቅ ዋጋ የሚቀንስ ሰው ነበር። ጠመንጃ ቀርቶ ጅራፍ አልያዘም።

ያን ሰሞን ለቅሶ በለቅሶ ላይ ነበር። የሮማን ጉሮሮ ደክሟል፤ ቃሉም አልመጣ ብሏታል። ድንኳኑ ውስጥ ቆማ ስለ መቀሱ አለች፤ ማንም አላለቀሰም። ስለ መርፌው አለች፤ አንዱ ከኋላ አዛጋ። የሟች ሚስት አሸቱ አንገቷን ደፍታ «ለእኔ ባል ይኸው ነው?» የምትል ትመስላለች። ሮማን ይህን ፊት መቋቋም አቃታት። ያኔ ነው አፏ ሳያስፈቅዳት የተከፈተው፦

ሰደፉ በመዳብ የታሰረው ውጅግራ፣
ከምሰሶው ላይ ሆኖ ጌታውን ተጣራ።

ድንኳኑ ተናወጠ። አሸቱ ተነሥታ ወደቀች። ወንዶቹ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ልጁ ኤርሚያስ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር የሆነው ዝምተኛ ልጅ፣ እንደ ሕፃን ጮኸ። ሮማን ተቀባዮቹ ግጥሙን ሲመልሱላት ሰምታ ያደረገችው ገባት። ያ ግጥም የአምሀ አልነበረም። ዱብሉቅ ላይ፣ ጥቂት ሰው በቆመበት ለቅሶ፣ ለአባቷ ለባሻ አዳነ ያወረደችው ነው። እዚህ ማን ሰምቶት? ብላ ራሷን አጽናናች።

ለቅሶ ከደረሱት መካከል ሶራ የሚባል ወጣት ነበር፤ የአዲሶቹ ፀጥታ አስከባሪዎች አለቃ። ቡሌ ሆራ ያደገ፣ አማርኛ እንደ ውሃ የሚጠጣ፣ ትሑት ልጅ ነው። አምሀ የሰዎቹን ልብስ ስለሰፋላቸው ሊያስተዛዝን ነበር የመጣው። ቁጭ ብሎ ሰማ። ግጥሙ ደስ አለው። ደግሞ አልረሳውም።

በሳልስቱ ማግሥት ከሰዓት በፊት የሶራ ሰዎች መጥተው የአምሀን ቤት ፈተሹ። የተበተነው ጦር መሣሪያ በየጓዳው ገብቷል ተብሎ ያን ጊዜ ያልተፈተሸ ቤት አልነበረም። ምሰሶውን ዞሩት፣ ጣሪያውን አዩት፣ መኪናዋ የቆመችበትን ወለል ቆፈሩት። ምንም የለም። ኤርሚያስን ይዘውት ሄዱ። የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ አስቀመጡትና፣ ውጅግራው ሲመጣ ትወጣለህ አሉት። ሰኞ መኪና እንደሚመጣ፣ ያላስረከቡት ተጭነው እንደሚወሰዱ ተሰማ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ቀድመው የተወሰዱት ገና አልተመለሱም።

አሸቱ ከል እንደለበሰች የሮማንን በር ገፍታ ገባች። አልተቀመጠችም።

«ሮማን፣ ውጅግራው የት ነው?»

«ምን ውጅግራ እኅቴ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅሽ! አንቺ አይደለሽ ከምሰሶዬ ላይ የሰቀልሽው? አውርጂዋ!»

«አሸቱ፣ ሙሾ ነው እኮ።»

«እሱን ለእኔ ሳይሆን ለሶራ ንገሪው። አምሀ አይጥ ገድሎ አያውቅም፤ አንቺ ጀግና አደረግሽልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። አሁን ግን ጀግናውን መልሺና ልጄን ስጪኝ።»

ሮማን ነጠላዋን አደግድጋ ሄደች። ሶራ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ጥላ ሥር ጠረጴዛ አውጥቶ ተቀምጧል። ከጎኑ፣ መሣሪያ ከሚያስረክቡት የገጠር ሰዎች ጋር በሽምግልና እንዲያስማማው የተጠራው ሽማግሌው ሀላኬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ሀላኬ የዱብሉቅ ሰው ነው፤ ከብት ነጋዴ፤ የባሻ አዳነ ወዳጅ ነበር። ሲያያት በዓይኑ ብቻ ሰላም አላት።

«ኦቦ ሶራ፣ ያ ነገር ግጥም ነው» አለች። «አምሀ ጠመንጃ አልነበረውም። እኔ ለሞተ ሁሉ እንዲህ እላለሁ።»

ሶራ ወንበሩን ለቀቀላት። «አዴ ሮማን፣ አንቱ እናቴ ኖት። ግን በሬሳ ፊት የሚዋሽ ሰው አለ?»

«ውሸት አይባልም እኮ እሱ...»

«ሰደፉ በመዳብ የታሰረ ብለዋል። ያላየ ሰው መዳቡን ከየት ያመጣዋል? ጠመንጃ ብለው ቢያልፉ ግጥም ነው እል ነበር።»

ለስለስ ብሎም ቀጠለ። «እሺ፣ ለሞተ ሁሉ ነው የምሰጠው ካሉ፣ ለማን ለማን ሰጡ? ይንገሩኝና ቤታቸው ከሌለ አምንዎታለሁ።»

ሮማን አፏን ልትከፍት ብላ በጊዜ ዘጋችው። ምንሽር ከሰጠቻቸው ሙታን መካከል በእርግጥ ምንሽር የነበራቸው አሉ፤ ልጆቻቸው የት እንደቀበሩትም ታውቃለች። አንዱን ኤርሚያስን ልታስፈታ ስንቱን ልታሳስር ነው? «ረሳሁት ልጄ» አለች። ሶራ በሐዘኔታ አያት። እንደማያምናት ከሐዘኔታው ገባት። ሀላኬ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ቤቷ ገብታ አልጋዋን ገፋ አደረገችና ከሥሩ ያለውን ወለል እያየች ተቀመጠች። አባቷ ሲሞት የተወላት ርስት እዚያ ነው ያለው፤ በሞራ በተለወሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በጆንያ ተሸፍኖ። ጥይቱ ካለቀ ዘመን አልፏል። ባሻ «አትሽጪው፣ አይተኮስ፤ ብቻ ከእጅሽ አይውጣ» ብሏት ነበር። በክፉ ቀን ስታወጣውና የመዳቡን ሽቦ በአውራ ጣቷ ስትዳብሰው የአባቷን መዳፍ የያዘች ይመስላታል። ያንን ሁሉ ፍተሻ በቅቤ ቅል ሸፍና ያሳለፈችው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ቀላሉ ነበር። ይኸው የአምሀ ነው፣ እኔ ዘንድ አስቀምጦት ነበር ብላ ማስረከብ። መዳቡም ልክ ነው፣ ውጅግራነቱም ልክ ነው። ግን ኤርሚያስ የለንም ብሎ ምሏል። ጠመንጃው የአምሀ ከሆነ ልጁ ዋሽቶ ደብቋል ማለት ነው፤ የሸሸጉት ምን እንደሚደረጉ ደግሞ ወሬው አያምርም። የእኔ ነው ብትልስ? እሷ ራሷ ልትታሰር ነው። ቢሆንም ቆፈረች።

ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ስትመጣ መንገዱ ላይ ያሉት ሁሉ ተከተሏት። አሸቱ ለልጇ ምሳ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ሮማን ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ጨርቁ ሲገለጥ መዳቡ ብልጭ አለ።

«የአባቴ የባሻ አዳነ ነው» አለች። «የደበቅኩት እኔ ነኝ። እኔን እሰሩኝና ልጁን ልቀቁት።»

ሶራ ብድግ ብሎ ሰደፉን ዳሰሰው። ከዚያ ያለው ነገር ሮማንን አፍዝዞ አስቀራት። «እንግዲያው ሁለት ናቸዋ።»

«እንዴት ሁለት?»

«አንቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቀው የለም ብለውኛል። የእርስዎ ይህ ነው። የአምሀስ?»

«የአምሀ እኮ የለም! ይኸው ነው ያ!»

«ይህ የአባትዎ ነው ብለዋል አሁን።»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። አንዱ «ውጅግራው ወለደ» አለ። ሮማን የሳቀውን ልታይ ስትዞር ዓይኗ ከሀላኬ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ሽማግሌው ከበርጩማው ተነሥቶ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አነሣ፤ መዳቡን ሳመው።

«ይህን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ» አለ ለሶራ። «ቀጥቃጩ ዘንድ የወሰድኩት በእኔ ግመል ነው። ባሻ ሲሞትም ነበርኩ። ቦታው ላይ።» ከዚያ ንግግሩን አቋርጦ ወደ ሮማን ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዴ ሮማን፣ ልናገር? አንቺ ካልሽኝ ነው።»

ምን ሊናገር እንደሆነ ገባት። ሁለቱንም ለቅሶ የሰማው እሱ ብቻ ነው። ዱብሉቅ ላይ ከቆሙት ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው። የአምሀ ለቅሶ ላይም ነበር፤ ያን ቀን ሰምቶ ዝም ብሏል። እሱ ከተናገረ ልጁ ይፈታል። እሱ ከተናገረ ደግሞ እሷ አልቃሽ አይደለችም። አሸቱ ምሳውን እንደያዘች ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ቆማለች።

«አይ፣ ኦቦ ሀላኬ» አለች ሮማን። «እኔው ልበለው። ከእርስዎ አፍ አይውጣ።»

ጠመንጃውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ሬሳ በሌለበት፣ ዱብሉቅ ላይ እንዳለችው አድርጋ ግጥሙን ከነዜማው አወረደችው። ከፊቱ የባሻን ስም ጠራች፣ ከኋላው የባሻን አገር። የአምሀ ለቅሶ ላይ የዘለለቻቸውን ስንኞች ሁሉ ጨመረች፤ በቅሎዋን፣ ስንጥቁን፣ ቀጥቃጩን። ድምፁን የሚመልስላት ተቀባይ አልነበረም። ሀላኬ ብቻ «ኤዬ፣ ይኸው ነው፤ ይኸው ነው ዱብሉቅ የሰማሁት» እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ስትጨርስ፣ «የአባቴን ሙሾ ነው ለአምሀ የሰጠሁት» አለች። «ቃል አጥቼ። ለአምሀ የሚሆን አጥቼ። መዳቡም የአባቴ ነው፣ ምሰሶውም የአባቴ ነው።»

የከተማው አልቃሽ በሰው ሁሉ ፊት ራሷን እንዲህ ማዋረዷ ለሶራ ከመሐላ በላይ ሆነበት መሰለኝ። የመጋዘኑን በር አስከፈተ። ሮማንንም በሀላኬ ዋስትና ወደ ቤቷ ሰደዳት። ጠመንጃው ግን እዚያው የተረከቡት መሣሪያ ክምር ላይ ቀረ።

ኤርሚያስ ጸጉሩ ላይ የእህል ዐቧራ እንደተቀመጠ ወጣ። መጀመሪያ ያቀፈው ሮማንን ነው። ምን እንደተደረገለት ሰምቷል። አሸቱ ግን ምሳውን መሬት አስቀምጣ ሮማንን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ዕድሜውን ሙሉ ሰልባጅ ለበሰ» አለች። «ሙሾውንም ሰልባጅ አለበስሽው?»

«አሸቱዬ...»

«ልጄን አስፈታሽልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። ባሌን ግን ራቁቱን ነው የቀበርኩት።»

ከዚያ በኋላ ሮማን የተጠራችባቸው ለቅሶዎች እየሳሱ መጡ። ስትጠራም አፏን ስትከፍት ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል፤ «ይቺስ የማን ናት?» የሚል ሹክሹክታ ትሰማለች። አንዱ ቀልደኛ ገበያ ላይ «እትዬ ሮማን፣ ለእኔ ማንም ያልታጠቀው ምንሽር አስቀምጪልኝ» ሲላት ስቃ ታልፋለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን የአልጋዋን ሥር ባዶ ወለል እያየች ራቷን ሳትበላ የምትተኛበት ቀን ብዙ ነበር። አባቷ ሁለት ጊዜ የሞተባት ያህል ነው፤ አንዴ ሙሾው፣ አንዴ ጠመንጃው ሲወሰድባት። ውሎ አድሮ ሙሾውን ተወችው። ለቅሶ ስትሄድ ከኋላ ተቀምጣ ከንፈሯን እየመጠጠች ትመለሳለች። አሸቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስታገኛት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ዘመን ሄደ። ከተማው በባጃጅ ተሞላ፤ ለቅሶ ድምፅ ማጉያ ገባበት። ሮማን ቅቤውን መሸጥ አቅቷት ቤት የዋለች አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሯ ላይ ባጃጅ ቆሞ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ወረደች። አሸቱ ነበረች።

«ግቢ» አለች ሮማን ደንግጣ። «ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ገና ነኝ።» አሸቱ ሳትጋበዝ ተቀመጠች። «ኤርሚያስ ሐኪም ቤት አመላለሰኝ፤ ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። አንድ ነገር ፈልጌ ነው የመጣሁ። የእኔን አሁን በይልኝ።»

«ምኑን?»

«ሙሾዬን። ሌላ ሰው ያልለበሰውን። ከሞትኩ በኋላ አዲስ ይሁን አሮጌ ማን ያጣራልኛል? በቁሜ ልስማው።»

«አሸቱ፣ በቁም ሰው ላይ ሙሾ ነውር ነው።»

«ነውሩን ድሮ ጨርሰሽው የለ?»

አሸቱ ፈገግ አለች፤ ሮማን ደፍራ አልሳቀችም። ጉሮሮዋን ጠረገች። አፏን ልትከፍት ስትል የድሮዎቹ ሁሉ ምላሷ ላይ ተሰልፈው ቆሙ፤ ምንሽር፣ ስናድር፣ አልቢን፣ ለሴት እንኳ የሚሆን አባት ወይ ወንድም ፈልገው ሊታጠቁላት። አፏን መልሳ ዘጋችው። የአምሀ ለቅሶ ላይ እንዲህ ሆና የአሸቱን ፊት ያየችበት ቀን ትዝ አላት፤ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ጥያቄ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ።

በርጩማዋን ወደ አሸቱ አስጠጋች።

«አምሀ ዓይኑ ከደከመ በኋላ» አለች፣ «መርፌው ላይ ክሩን ማን ነበር የሚያስገባለት?»

አሸቱ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ጣቶቿን አየች።

«ዓይኑ ሳይደክምም እኔ ነበርኩ» አለች። «ሰው አያውቅም። ማታ ማታ ነገ የሚሰፋበትን መርፌ ሁሉ አስገብቼ አንገትጌው ላይ እሰካለት ነበር...»

ሮማን አላቋረጠቻትም።